የላይኛው ፌሮ የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ እዚህ ጅማ አንዳንዴ ቀኗ ካለፈ በኋላ ነው የምትደርሰን፣ ቢሆንም ከጫፍ ጫፍ አነባታለሁ፣ የጨረታ ማስታወቂያው ሳይቀር። ስለ ግንባታ በተጻፈ ቁጥር ግን የማየው ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ሲሚንቶ ተወደደ፣ ፌሮ ተሰረቀ፣ ኮንትራክተሩ በላ። የሚበላም አለ፣ አልክድም። እኔ ግን በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስንከራተት ያየሁት ሌላ ጉድ አለ፤ ፌሮው ተገዝቷል፣ ማንም አልሰረቀውም፣ እንዲያውም ተርፎ ገብቷል፣ ግን የገባው የማይፈለግበት ቦታ ነው። ስለሱ የጻፈ ሰው አላየሁምና እስቲ እኔ ልሞክር፣ ትንሽ ሂሳብ ስለሚበዛበት ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት (ስማቸውን ልተወው፣ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው) ጡረታ ከወጡ በኋላ ግቢያቸው ፊት ለፊት ጂ ፕላስ ዋን ጀመሩ፣ ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር ሶሌታው ይሞላ ተብሎ ጥድፊያ ሆነ፣ እሳቸውም "ኢንጂነር፣ እስቲ ጎራ በልና ቡና ጠጣ" አሉኝ። እንግዲህ ኢንጂነር ለቡና ሲጠራ ስዕል ሊያሳዩት እንደሆነ ያው ይታወቃል፣ ዶክተርን ምሳ ጋብዘው ወገባቸውን እንደሚያሳዩት ማለት ነው። እውነትም ቶናው ሳይደርስ ስዕሉ ረከቦቱ አጠገብ ተዘረጋ።

የበረንዳው ቢም (ኮለኖቹ ላይ የሚጋደመው አርማታ) ላይ ዓይኔ አረፈ። ሦስት ኮለን፣ ሁለት ስፓን (ከኮለን ኮለን ያለው ርቀት)፣ አንዱ 4 ሜትር አንዱ 3 ሜትር፣ ቢሙ 20 በ30 ሳንቲም። ከታች ሦስት ባለ 14 ፌሮ (ቁጥሩ ውፍረቱ ነው፣ በሚሊሜትር) ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ከላይ ሁለት ባለ 10 አለ፣ እሱም ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ማሰሪያ እንዲሆን ብቻ የገባ ነው የሚመስለው። መሀለኛው ኮለን አናት ላይ ተጨማሪ የላይ ፌሮ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ። ሲኒዬን አስቀመጥኩት።

ለምን እንደደነገጥኩ ሙያው ውጪ ላለ ሰው ላስረዳ። ረጅም ጣውላ ሦስት ድንጋይ ላይ አጋድሙና ግራና ቀኙ ላይ ሰው አስቀምጡበት። በድንጋዮቹ መሀል ጣውላው ሆዱ ወደ ታች ይረግባል፣ መሀለኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጀርባው ወደ ላይ ይጎብጣል። የረገበበት ቦታ ከታች ይለጠጣል፣ የጎበጠበት ቦታ ከላይ ይለጠጣል። ኮንክሪት ሲጨፈለቅ ጀግና ነው፣ ሲለጠጥ ግን ወዲያው ነው የሚሰነጠቀው፣ ስለዚህ ፌሮ የሚገባው መለጠጡ ያለበት ጋ ነው። ስፓኑ መሀል ከታች፣ ኮለኑ አናት ላይ ከላይ። ይሄን ሳይማር የሚያውቅ ፌራዮ አለ፣ ተምሮ የሚረሳ ኢንጂነርም አለ።

የሲሚንቶ መግዣ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ስዕሉ ላይ የተያዘው የዲዛይን ሎድ (ቢሙ እንዲሸከም የታሰበው ጭነት) በሜትር 16 ኪሎ ኒውተን ነበር። ኪሎ ኒውተን የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ፣ አንድ ኪሎ ኒውተን በግምት የአንድ ኩንታል ክብደት ነው፣ ባያችሁት ቁጥር ኩንታል በሉት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሜትር 16 ኩንታል ቡና ተደርድሯል በሉ፣ ለጅማ ሰው ይሄ አይከብደውም።

አሁን መሀለኛው ኮለን ላይ ያለውን ጆይንት (ሁለቱ ቢሞች የሚገናኙበትን ቦታ) እንዳይዞር ጥርቅም አድርገን ቆለፍነው እንበል። የረጅሙ ስፓን ሞመንት (ቢሙን የሚያጎብጠው የመጠምዘዝ ኃይል) እዛ ጋ 16 በ4 በ4 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል፣ 32 ነው። የአጭሩ በዛው ስሌት 16 በ3 በ3 ለ8 ተካፍሎ፣ 18። አንዱ በ32 ይገፋል ሌላው በ18 ይመልሳል፣ 14 ተርፎ ጆይንቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ስንፈታው ጆይንቱ ትንሽ ይዞርና ያቺን 14 ሁለቱ ቢሞች ይካፈሏታል፣ እኩል ግን አይደለም፣ እንደ ስቲፍነሳቸው (እንደ ግትርነታቸው) ነው፣ አጭሩ ግትር ስለሆነ ብዙውን ይወስዳል፣ "ላለው ይጨመርለታል" እንደሚባለው። እዚህ ድርሻው 3 ለ4 ነው፣ ለረጅሙ 3 እጅ ለአጭሩ 4 እጅ። 14 ለ7 ሲካፈል 2፣ ስለዚህ ለረጅሙ 6 ለአጭሩ 8። ከ32 ላይ 6 ሲነሳ 26፣ 18 ላይ 8 ሲጨመር 26። ገጠመ፣ አለቀ። ሲኒው ሳይቀዘቅዝ።

26 ኪሎ ኒውተን ሜትር ማለት 26 ኩንታል በአንድ ሜትር ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጠመዝዝ ማለት ነው። ባለ 400 ፌሮ (ይሄ ደግሞ የጥንካሬው ደረጃ ነው) ከሆነ 30 ሳንቲም ከፍታ ባለው ቢም ውስጥ ይሄን ለመያዝ 320 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ፌሮ ከላይ ያስፈልጋል፣ ሦስት ባለ 12 በሉት። ስዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 10 ተደምረው 157 ናቸው፣ ግማሽም አይሞሉም። ታች ደግሞ እዩት። ከላይ 26 ከተያዘ የረጅሙ ስፓን ሆድ ላይ የሚቀረው 20 ገደማ ነው፣ ለሱ ሁለት ባለ 14 በቂ ነው፣ የአጭሩማ 7 ከምናምን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋ ባለ 14 ሰባቱን ሜትር ሙሉ ያለ ሥራ ተጋድማለች። እትዬ ለፌሮ ከሚገባው በላይ ከፍለው ከሚገባው በታች ቤት ሊያገኙ ነበር፣ ሌባ በሌለበት።

ወጣቱ ኢንጂነር ተደወለለትና በባጃጅ ከነላፕቶፑ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ስሙንም የተማረበትንም አልናገርም፣ ጥፋቱ የሱ ብቻ ስላልሆነ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ በኢታብስ የተሠራ ነው" አለኝ፣ የሕንፃ ማስያ ሶፍትዌሩን ማለቱ ነው። "እሺ፣ ክፈተውና መሀለኛው ኮለን ላይ ሞመንቱን አሳየኝ" አልኩት። ከፈተው፣ ዜሮ። አንድ ወጥ ሆኖ የተሞላ ቢም ኮለን ላይ ሞመንቱ ዜሮ! ስንፈልገው የቢሞቹ ጫፍ ሁሉ ላይ ሪሊዝ ተደርጓል (ጫፉ እንደ ማጠፊያ እንደልቡ ይዞራል ማለት ነው)፣ ሁለቱን ስፓን ለየብቻቸው እንደተጋደሙ ሁለት ጣውላዎች ነው ሶፍትዌሩ ያሰበው፣ ለዛ ነው ሆዳቸው ላይ ፌሮ የቆለለው። ከሌላ ፋይል፣ ከብረት ጣሪያ ሥራ ኮፒ ተደርጎ የመጣ ሴቲንግ ነው። ማሽኑ አልዋሸም፣ የጠየቁትን መለሰ።

ልጁን ከዛ በኋላ "ሞመንት ዲስትሪቢዩሽን ታስታውሳለህ?" አልኩት፣ ደረሰኙ ላይ የሠራሁበት ዘዴ ስሙ ነው። ፈገግ አለና "ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ቱ ላይ ኤ ነው ያመጣሁት ጋሼ" አለኝ። አምነዋለሁ። ሠንጠረዥ ስጠው ቢባል አሁንም ይሞላዋል፣ ዲስትሪቢዩሽን ፋክተር፣ ፊክስድ ኤንድ ሞመንት፣ ባላንስ፣ ኬሪ ኦቨር፣ ባላንስ፣ ኬሪ ኦቨር፣ እስከ መጨረሻው። ግን የሠንጠረዡ ቁጥር ያቺ ጆይንት ላይ ያለው መጠምዘዝ እንደሆነ፣ መጠምዘዙም የላይ ፌሮ ጥያቄ እንደሆነ ማንም አላገናኘለትም። ቢሙ ሎድ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚጎብጥ በእስክሪብቶ ሳል ብለው መጀመሪያ በተቃራኒው ነው የሳለው። ኤ ያመጣ ልጅ ማለት ነው።

ስለ ዘዴው ትንሽ ልበል፣ ታሪኩን ስለምወደው። ያወጣው ሃርዲ ክሮስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ። ከሱ በፊት እንዲህ ያለውን ወጥ ፍሬም (አንድ ላይ የተያያዘ ቢምና ኮለን) ለማስላት ስሎፕ ዲፍሌክሽን የሚባለው ነበር፣ እሱ ደግሞ በየጆይንቱ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ያመጣና ሁሉንም እኩልታ አንድ ላይ ፍታ ይላል፣ አሥራ አምስት ጆይንት ያለው ፍሬም ከሆነ አሥራ አምስት እኩልታ፣ በእጅ፣ ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን። ክሮስ በ1930 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲቪል ኢንጂነሮች ማኅበር ኅትመት ላይ አሥር ገጽ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ እላይ ደረሰኝ ላይ የሠራሁት ነው፤ ሁሉንም ጆይንት ቆልፍ፣ ከዛ አንዱን ፍታና የተረፈውን እንደ ስቲፍነሱ አካፍል፣ ከተካፈለው ግማሹን ወደ ሌላኛው ጫፍ አሻግር (ኬሪ ኦቨር የሚሉት ይሄ ነው፣ የዛኛው ጫፍ የተያዘ ከሆነ)፣ መልሰህ ቆልፍ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ። የሚተርፈው በየዙሩ እያነሰ እያነሰ ይሄድና ሲበቃህ ታቆማለህ። መደመር መቀነስ ማባዛት ማካፈል የሚችል ሰው ይሠራዋል። ያቺ አሥር ገጽ ላይ 38 ሰው አስተያየት ጻፈ፣ አስተያየቱ ተሰብስቦ 146 ገጽ ሆነ። ለ30 ዓመት ያህል፣ ኮምፒዩተር ቢሮ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ ብዙው የአርማታ ፍሬም በዚህ ነው የተሰላው።

እኔ አምስት ኪሎ ስማር መምህራችን ሠንጠረዡን ከማስጀመሩ በፊት የጎበጠውን ቅርጽ ያስለን ነበር፣ ያልሳለ ሰው መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ ግማሽ ነበር የሚሰጠው። ያኔ በጣም ተናደንበታል። አሁን ነው የገባኝ።

ወደ እትዬ ቤት ልመለስ። ልጁ ሪሊዙን አጥፍቶ ሲያስኬደው ከ26 ዝቅ ያለ ቁጥር መጣ፣ ከ20 ግን ከፍ ያለ። "ጋሼ፣ የርስዎ 26 ነው፣ ይሄ ግን ያንሳል" ብሎ ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም። ደስ አለኝ፣ ጠየቀ ማለት ነው። እኔ ዳር ያሉትን ኮለኖች ቢሙ ላያቸው ላይ እንደልቡ እንደሚዞር አድርጌ ነው ያሰላሁት። የግራው ዳር ሙሉ በሙሉ የተያዘ ቢሆንስ? ያኔ የረጅሙ ስፓን ስቲፍነስ ከፍ ይልና ከአጭሩ ጋር እኩል ይሆናል፣ የተቆለፈው ሞመንት ደግሞ 16 በ4 በ4 ለ12 ሆኖ 21.3፣ የአጭሩ ያው 18፣ ልዩነቱን እኩል ሲካፈሉ መሀል ላይ 19.7 ይመጣል፣ ግማሹ ደግሞ ተሻግሮ የግራው ዳር 22.2 ይሆናል። እውነተኛው ኮለን እንደልቡም አይዞርም እንደ ግንብም አይያዝም፣ ስለዚህ መልሱ እዚህ አካባቢ መውደቅ አለበት። ይሄን ሁለት ቁጥር በኪስህ ይዘህ ሶፍትዌሩ 23 ቢልህ ታምነዋለህ፣ 2 ወይ 60 ቢልህ ግን ቡናውን ትተህ ትነሳለህ። ሳናስበው ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን፣ የግራው ዳር ላይም የላይ ፌሮ ያስፈልጋል፣ ስዕሉ ላይ እሱም አልነበረም።

ኮለኑስ? ብዙ ሰው መሀለኛው ኮለን ከግራ ግማሽ ከቀኝ ግማሽ ነው የሚሸከመው ብሎ ያስባል፣ በዛ ሂሳብ 32 እና 24፣ 56 ኩንታል። ወጥ ቢም ሲሆን ግን ሁለቱም ስፓን ጀርባቸውን እሱ ላይ ስለሚጥሉ 71 ኩንታል ይደርሰዋል፣ ዳሮቹ ደግሞ ይቀላቸዋል፣ የግራው 25 ተኩል የቀኙ 15 ከምናምን። ደምሩት፣ 112 ይመጣል፣ 7 ሜትር በ16። መሀለኛው ኮለን ላይ 15 ኩንታል ጭማሪ እንግዲህ ከስሩ ላለው ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ትንሽ ነገር አይደለም።

ፉቲንግ ካልኩ ዘንድ አፈሩን ሳላነሳ አላልፍም። ጅማ ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል፣ ክረምት ሲጠግብ ያብጣል በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግድግዳ ላይ በእርከን የሚወጣውን ስንጥቅ በየሰፈሩ ታዩታላችሁ። የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የቆየ ወለል ወጣ ገባ ነው፣ ሦስት እግር የትም ብታስቀምጡት አይነቃነቅም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አንዱ እግር ስር ወረቀት አጥፋችሁ ካልከተታችሁ ያንገዳግዳል። ወጥ ቢምም እንደ ጠረጴዛው ነው። ሁለት ኮለን ላይ ዝም ብሎ የተጋደመ ቢም አንዱ ኮለን ትንሽ ቢሰምጥ ዘንበል ይላል እንጂ ውስጡ አይጨነቅም። ሦስት ኮለን ላይ ያለው ግን አንዱ ሲሰምጥ ሞመንቱ ሁሉ ይቀያየራል። እንደ እትዬ ባለው ቢም የቀኝ ዳሩ ኮለን 1 ሳንቲም ቢሰምጥ፣ ኮንክሪቱ ገና አልተሰነጠቀም ብለን ብናሰላው፣ መሀለኛው ኮለን አናት ላይ ሌላ 19 ይጨመራል፣ 26ቷ 45 ትሆናለች ማለት ነው። ሲሰነጠቅና ሲቆይ ይለዝባል፣ ግማሽም ሊወርድ ይችላል፣ ቢሆንም ጣሪያ የሚያፈሰው ውሃ በቱቦ ወርዶ ያ ዳር ኮለን ስር እየተጠራቀመ ነበርና ቱቦው ከቤቱ ይራቅ ብዬ ያን ቀን እዛው አሳሰብኩ። ይሄን ቁጥር ያወጣሁት በዛው በክሮስ ዘዴ ነው፣ ከሎድ ይልቅ መስመጡን እንደ መነሻ አድርጎ ቆልፎ መፍታት ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ሥራ ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ፣ አንዴ ምልክት ተሳስቼ መሀሉ ይቀንሳል ብዬ ነበር፣ የጎበጠውን ቅርጽ ስስል ነው የያዝኩት።

አሁን ደግሞ ራሴን ላጋልጥ፣ ጣት ጠቋሚ ብቻ እንዳልመስል። ከብዙ ዓመት በፊት ከጅማ ወጣ ባለች ከተማ አንድ በረንዳ ዲዛይን አድርጌ ነበር፣ ከቢሙ ወደ ውጪ የወጣ 12 ሳንቲም ሶሌታ። ሂሳቡ ልክ ነበር፣ ሞመንቱን ሁለት ጊዜ አካፍዬ አረጋግጫለሁ፣ የላይ ፌሮውንም ስያለሁ፣ ፌራዮውም አስሯል። አርማታው በሚሞላበት ቀን ግን ለቅሶ ነበረብኝና ጠዋት አይቼ ሄድኩ። ልጆቹ ኮንክሪቱን በባሬላ ሲያመላልሱ ያንን የላይ ፌሮ እየረገጡ ነው የዋሉት፣ ከስሩ ደግፎ የሚይዘው ነገር በደንብ አልተደረገም ነበር። ድጋፉ ሲነሳ የቢሙን ጠርዝ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ስንጥቅ ወጣ። ስንቆፍረው ፌሮው 4 ሳንቲም ወርዶ ሶሌታው መሀል ላይ ተኝቷል። ከላይ ጠርዝ የነበረ ፌሮ 4 ሳንቲም ሲወርድ አቅሙ ወደ ግማሽ ይጠጋል የሚቀረው፣ ብዛቱ አልተቀነሰም እኮ፣ ቦታው ነው የተቀየረው። ፈርሶ እንደገና ተሠራ፣ ወጪው ከኔም ከሌሎችም ኪስ ወጣ፣ ስድቡ ግን ለብቻዬ ነበር። ከዛ በኋላ ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ለቅሶም ሰርግም አልሄድም፣ ሰው ተቀይሞኛል።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ "ቤቴ ይችላል ወይ" እያለ ይደውልልኝ ነበር። ጎን ለጎን የሚገፋ ኃይል ሲመጣ የእጅ ሂሳቡ ረዘም ይላል፣ መጀመሪያ ፍሬሙ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይዘህ ታካፍላለህ፣ ከዛ ገፍተኸው እንደገና ታካፍላለህ፣ ሁለቱን በልክ ትደምራለህ። ለአምስት ፎቅ ይሄን በእጅ ሥሩ የሚል ሰው ቢኖር እብድ ነው፣ እኔም ሶፍትዌር ነው የምጠቀመው፣ በየቀኑ። ሶፍትዌር ይቅር አላልኩም፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ ተብሎ ነገ እንዳይወራብኝ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን ከመጠየቅህ በፊት መልሱ ወዴት አካባቢ እንደሆነ እወቅ።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው እንዲደርስልኝ የምፈልገው፣ አንደኛ ለመምህራን፣ እዚህ ኪቶ ፉርዲሳም (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ይሁን ሌላ ቦታ የሲቪል ተማሪ ለሚያስተምሩ ወንድም እህቶቼ፣ ፈተና ላይ ሦስት ስፓን ሰጥታችሁ አምስት ዙር ከምታስካፍሉት ሁለት ስፓን ስጡትና ቅርጹን ሳል፣ ፌሮውን የት እንደምታስገባ አሳይ በሉት። አምስተኛው ዙር ላይ ያለችው 0.03 ሕንፃ አትጥልም፣ ከላይና ከታች መምታታት ግን ይጥላል። ሁለተኛ የግንባታ ፈቃድ ስዕል ለሚመረምሩ፣ አንድ ገጽ በእጅ የተሠራ ማረጋገጫ ይያያዝ ቢባል ምን ይጎዳል፣ አንድ ዋና ቢም ተመርጦ፣ በራሱ በኢንጂነሩ እጅ ጽሑፍ። ሁለት መቶ ገጽ የኮምፒዩተር ፕሪንት ማንም አያነበውም፣ እኔም አላነበውም። አንዲቷን ገጽ ግን መርማሪው ሻዩን ሳይጨርስ ያያታል። ይሄ ሥራ ያበዛል የሚል ይኖራል፣ እኔ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው።

ቤት ለምትሠሩ ደግሞ፣ ስቲፍነስ ምናምን የሚለው አይመለከታችሁም። ኢንጂነሩ ወይ ፎርማኑ ፌሮ አስሮ ሲጨርስ ወጥታችሁ "የላይኛው ፌሮ የት አለ?" በሉት። ወጥ ቢም ከሆነ መሀል ኮለኖች አናት ላይ፣ ወደ ውጪ የወጣ በረንዳ ከሆነ ደግሞ ከላይ በኩል፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ፌሮ ማየት አለባችሁ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ያስረዳችሁ፣ አንዳንዴ በቂ ምክንያት ይኖረዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጭንቅላቱን ያካል።

የእትዬ ቢም ሦስት ባለ 12 ከላይ ገብቶለት፣ ከታች አንዷ ባለ 14 ወጥታ፣ ቅዳሜ ተሞላ። ልጁ ቀኑን ሙሉ እዛው ቆሞ ዋለ፣ ፌሮ የረገጠ ሁሉ ላይ እየጮኸ። የወጣችውን ባለ 14 እትዬ ለበር ማጠናከሪያ አድርገዋታል።

ደብዳቤዬን ካተማችሁት ቁጥሮቹን አደራ፣ ባለፈው አንድ ጽሑፍ ላይ ሜትር ሳንቲም ሆኖ ወጥቶ አይቻለሁ፣ 26 ደግሞ 62 ሆኖ ቢወጣ ስልኬ እረፍት አያገኝም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ